ኬክ ስትል ዳቦ ማለቷ ነው

ኮቨንትሪ፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1983

ለተከበሩ ሚስተር ፊንታን ዱርካን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለቤትዎም ጤናና ሰላም እመኛለሁ። እርስዎ አያውቁኝም። ኢሜልዳ እባላለሁ፤ የፊሎሚና ዱርካን ልጅ ነኝ። እናቴ ለአባትዎ የአጎት ልጅ ናት። ከትውልድ መንደሯ ከካሮውሪ ወጥታ ወደ እንግሊዝ የተሻገረችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። «ከዱርካኖች እዚያ የቀረ ካለ ፊንታን ነው፤ እሱ ከቦታው አይነቃነቅም» ያለችኝ እሷው ናት።

የጻፍኩልዎ አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። እናቴን ካለፈው በጋ ጀምሮ ሆዷን ያማታል፤ ሐኪሙም እርሾ ያለበት ዳቦ እንዳትቀምስ ከልክሏታል። ከዚያ ወዲህ ሌላው ምግብም አልጥም አላት። የምትለምነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኬክ። «ትንሽ ኬክ ስጪኝ፣ የቤታችንን ኬክ» ትለኛለች። እኔም በእንቁላል ጋገርኩላት፣ በብርቱካን ጋገርኩላት፣ ባለ ቸኮሌቱን ከሱቅ ገዛሁላት። አንዱን ቀምሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችና «ይሄ ኬክ አይደለም፤ ይሄ ልደት ነው» አለችኝ።

እናቴ በዚህ አገር ምንም ነገር ጋግራ አታውቅም። በመኪና ፋብሪካ ምግብ ቤት ስትሠራ ኖራ፣ ቤት ስትገባ ምድጃ ማየት አትፈልግም ነበር። «ዳቦ ለመጋገርማ ቢሆን ባሕር ምን አሻገረኝ?» ትላለች። አባቴም እንግሊዛዊ ስለነበር፣ ያደግሁት በሱቅ የተቆራረጠ ነጭ ዳቦ ነው። የእናንተ ቤት ኬክ ምን ዓይነት እንደሆነ ቢጽፉልኝ ውለታዎን አልረሳም። እናቴ ሌላው ሁሉ ደህና ናት፤ አያስቡ።

አክባሪዎ፣ ኢሜልዳ


ካሮውሪ፣ ስላይጎ፣ ኦክቶበር 12 ቀን 1983

ውድ ኢሜልዳ፣

እግዚአብሔር ካንቺና ከእናትሽ ጋር ይሁን፤ የቤታችሁን እሳት አያጥፋባችሁ። ደብዳቤሽን ያመጣው ፖስተኛው ሌኒ ነው፤ ከብስክሌቱ ወርዶ አልሄድም ብሎ ቆመ። ለእኔ ከእንግሊዝ ደብዳቤ መጥቶ አያውቅማ! «ፊንታን፣ ሰው ገድለሃል እንዴ?» አለኝ። «እስካሁን አልገደልኩም፤ አንተ ካልሄድክ ግን እጀምራለሁ» አልኩት።

በመጀመሪያ ደረጃ ሚስተር አትበይኝ። ሚስተር ብሎ የሚጽፍልኝ መብራት ኃይል ብቻ ነው። ፊንታን በይኝ፤ እርስዎ የሚለውንም ለቄሱ ተይለት።

ቀጥሎ፣ ምስኪን እናትሽ! እኛ ኬክ የምንለው ዳቦን ነው። ክብ፣ ቡናማ፣ እርሾ የሚባል ነገር ያልደረሰበት፣ በላዩ ላይ በቢላ መስቀል የተሳለበት የቤት ዳቦ። ስኳርና እንቁላል ያለበት ነገር እኛ ቤት የሚታየው ሠርግ ላይ ነው፣ እሱም ሙሽራዋ ከከተማ ከሆነች። ያቺ ሴትዮ ቁራሽ ዳቦ ለምናሽ፣ አንቺ ሻማ መለኮስ ብቻ ነው የቀረሽ።

አሠራሩን አስተምርሻለሁ፤ ግን ሁሉንም በአንዴ አይደለም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ከዱቄቱ እንጀምር። ከነገለፈቱ የተፈጨ፣ ወንፊት ያላየ የስንዴ ዱቄት ፈልጊ። በጣትሽ ስታሺው ሻካራ መሆን አለበት፤ ከለሰለሰ መልሺላቸው። ስታገኚ ጻፊልኝና ቀጣዩን እነግርሻለሁ።

እናትሽ የተወለደችበት ቤት ጣሪያው ከወደቀ ቆይቷል፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ዛፍ በቅሎበታል። በዚህ መንገድ ጭስ የሚወጣው ከእኔ ቤት ብቻ ነው። ጥቅም አለው፤ የፈለግሁትን ያህል ብዘፍን አቤቱታ የሚያቀርብ ጎረቤት የለኝም።

ዘመድሽ፣ ፊንታን


ኮቨንትሪ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1983

ውድ ፊንታን፣

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ ያው እንዳዘዝከኝ አንተ ብያለሁ። የጻፍከውን ለእናቴ ሳነብላት ዓይኗን ገልጣ «ታዲያ አንቺ ምን መስሎሽ ነበር?» አለችኝ። ስለ ዛፉ ግን አላነበብኩላትም።

ዱቄቱን አግኝቻለሁ። የሚሸጡት ጸጉራቸውን ያሳደጉ ወጣቶች ናቸው። ሻጩ ልጅ «ለጤና ነው አይደል የፈለግሽው? ያልተነፋ፣ ያለ እርሾ፣ ለአንጀት ፍቱን ነው» ብሎ ሰበከኝ። «ዘመዶቼ ለጤና እንደሚሆን ሳያውቁ ዕድሜ ልካቸውን በልተውታል» አልኩት። ሻካራ ነው፤ አሽቼ አይቼዋለሁ። አሁንስ ምን ላድርግ? እናቴ ደህና ናት፤ ጥቂት ጥቂት ትቀምሳለች።

ኢሜልዳ


ካሮውሪ፣ ኦክቶበር 31 ቀን 1983

ውድ ኢሜልዳ፣

የሰማይ ደጅ የማይዘጋ አምላክ ጤናችሁን ይጠብቅ። ዱቄቱን በማግኘትሽ ደስ ብሎኛል። ለሌኒም ነግሬው እሱም ደስ ብሎታል። አሁን በየቀኑ ከሩቅ እያየኝ «ልጅቷ ጻፈች?» ይለኛል።

ቀጣዩ አሬራ ነው። ያለ አሬራ ይህ ዳቦ ዳቦ አይደለም። እኔ የላሜን ወተት ራሴ እየናጥኩ ቅቤውን አወጣለሁ፤ የቀረው አሬራ ለዳቦው ይሆናል። እንግሊዝ አገር ላም ሳሎን ስለማይገባ፣ ከሱቅ ካጣሽ ወተት ላይ ሎሚ ጨምቀሽ እስኪቋጥር ተይው። ሲደርስ ሽታው ምን እንደሚመስል በደንብ ጻፊልኝ፤ ሽታውን ሳላውቅ ወደፊት መሄድ አንችልም።

ሌላም ልጠይቅሽ። በመስኮትሽ ምን ይታያል? እናትሽ አሁንም ታንጎራጉራለች? እዚህ ሳለች ላም ስታልብ ታንጎራጉር ነበር፤ ላሟ የሷን ድምፅ ካልሰማች ወተት ትከለክል ነበር ይላሉ። አንቺስ ሥራሽ ምንድነው? ባል አለሽ? አትቸኩዪ፣ ሰፋ አድርገሽ ጻፊ።

ፊንታን


ኮቨንትሪ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 1983

ውድ ፊንታን፣

እንደምን ከረምክ? በመስኮቴ የጎረቤት ግድግዳ ይታያል። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው፤ ቤቴ ሆኜ እሰፋለሁ። ባል አላገባሁም። እናቴ አታንጎራጉርም።

አሬራው ሽታው እንደ እርጎ ነው። ይቅር በለኝና መጠበቅ አልቻልኩም። ዱቄቱንና አሬራውን ለውሼ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። የወጣው ድንጋይ ነው። እናቴ አንስታ በእጇ መዘነችውና «ማንን ልትፈነክቺበት ነው?» አለች። ያን ቀን ትንሽ ሳቀች፤ ግን አልበላችም። የሚያነሳው ነገር እንደሚጎድል ገብቶኛል፤ እርሾ ደግሞ አይፈቀድላትም። እባክህ የጎደለውን ነገር ቶሎ ጻፍልኝ። እኛ ደህና ነን፤ ብቻ ቶሎ ጻፍልኝ።

ኢሜልዳ


ካሮውሪ፣ ኖቬምበር 22 ቀን 1983

ውድ ኢሜልዳ፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ፤ ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ ዝናቡም መንገዱን ዘግቶት ነበር። ስለ ድንጋዩ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ለሌኒ ሳነብለት ደግሞ እሱም ስለሳቀ ሁለተኛ ጊዜ ሳቅሁ። ብቻህን የሳቅከው ሳቅ ጎደሎ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

የጎደለው የዳቦ ሶዳ፣ እናንተ ቤኪንግ ሶዳ የምትሉት ነው። ሶዳውና የአሬራው ኮምጣጣነት ሲገናኙ ሊጡን ያነሱታል፤ የእኛ እርሾ ያ ነው። መጠኑ ግን እንደ ዱቄቱ ይለያያል። ከበዛ ዳቦው ቢጫ ይሆንና ሳሙና ሳሙና ይላል። ስለዚህ ከዱቄትሽ ቆንጥረሽ በወረቀት ጠቅልለሽ በፖስታ ላኪልኝ። አይቼው፣ አሽቼው፣ ትክክለኛውን መጠን እነግርሻለሁ። እስከዚያ ሶዳውን ገዝተሽ ጠብቂኝ።

ግድግዳው ምን ዓይነት ነው? ጡብ ነው? ሐረግ ወጥቶበታል? ድመትስ ይቀመጥበታል? ሁሉንም ጻፊልኝ።

ፊንታን


ኮቨንትሪ፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1983

ለሚስተር ፊንታን ዱርካን፣

ዱቄት ቆንጥሬ አልላክሁልዎም፤ አልልክልዎምም።

እሁድ ዕለት ወይዘሮ ኮንካነን የምትባል ከእናንተው አገር፣ ከጎልዌይ የመጣች ሴት ለእናቴ ቁርባን ከሚያመጡላት ቄስ ጋር መጣች። ስለ ዳቦው ሳጫውታት አላስጨረሰችኝም። «ዱቄት፣ ጨው፣ ሶዳ፣ አሬራ። አለቀ። የሻይ ውኃ እስኪፈላ ተለውሶ ምድጃ ይገባል» አለችኝ። ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም፤ በር ላይ ቆማ ነው የነገረችኝ። እርስዎ ዘንድ ግን ዱቄቱ አንድ ደብዳቤ፣ አሬራው አንድ ደብዳቤ፣ ሶዳው አንድ ደብዳቤ ሆነ፤ ይባስ ብሎ የዱቄት ናሙና በፖስታ! «ሰውየው አሹፎብሻል» አለችኝ ወይዘሮ ኮንካነን።

እናቴ ከሴፕቴምበር ጀምሮ በሻይ ነው የምትኖረው። ደህና ናት ብዬ የጻፍኩልዎ ውሸት ነበር፤ ለማላውቀው ሰው ችግሬን መዘርዘር ስላሳፈረኝ ነው። ማክሰኞ ዕለት ከአልጋ ስትነሳ ወድቃ ሆስፒታል አስገብቻታለሁ። ሳነሳት እንደ ሕፃን ቀለለችኝ። እርስዎ ግድግዳው ላይ ድመት ይቀመጣል ወይ ብለው በሚጠይቁበት ሰዓት እናቴ እየከሳች ነበር። ምን አድርጌዎት ነው? ምን ያገኛሉ ከዚህ?

ሌላ ደብዳቤ ለመጻፍ አይድከሙ።

ኢሜልዳ


ካሮውሪ፣ ዲሴምበር 6 ቀን 1983

ኢሜልዳ፣

እግዚአብሔር እናትሽን ያድንልሽ። መጀመሪያ ዳቦው፤ ወረቀቱን የምትቀድጂው ከሆነም እዚህ ድረስ አንብቢና ከዚያ ቅደጂው።

አራት ትልቅ ስኒ ዱቄት። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው። አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ ተርፎ እንዳይቆለል። ሶዳውን መጀመሪያ መዳፍሽ ላይ በማንኪያ ጀርባ ሰልቂው፤ ድብልብል ከቀረበት ዳቦው ውስጥ አረንጓዴ ነጥብ ይሆንና ይመራል። ደባልቂው። መሐሉን ጎድጉደሽ ሁለት ስኒ አሬራ አፍስሺበት፤ ዱቄቱ ከጠማው ትንሽ ጨምሪለት። በጣቶችሽ ብቻ አዋህጂው፤ እንደ ሌላ ሊጥ አታሺው፣ የታሸ እንደሆነ ይደርቃል። ክብ አድርጊው። በቢላ መስቀሉን ጠለቅ አድርገሽ ሳዪበት፤ መሐሉ እንዲበስል ነው፣ ሽማግሎቹ ግን ትንንሾቹ መናፍስት ይውጡበት ይላሉ። ሳይውል ሳያድር በጋለ ምድጃ ክተቺው። ቡናማ ሲሆን ገልብጠሽ ሆዱን በጣትሽ አንኳኪው፤ ባዶ ቤት እንደማንኳኳት ድምፅ ከሰጠ በስሏል። በፎጣ ጠቅልዪው።

ያ ነው። ወይዘሮ ኮንካነን ልክ ናት፤ ግን አሹፎብሻል ያለችው ስህተት ነው። ምን ታገኛለህ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ደብዳቤ ነው የማገኘው። ሁሉንም በአንዴ ከነገርኩሽ አመስግነሽ እንደምትቀሪ አውቄዋለሁ። ደህና ናት ስትዪኝ አመንኩሽ፤ ብቻዬን ስኖር ሰው ሲርበው ምን እንደሚጽፍና ምን እንደሚደብቅ ማወቅ ጠፍቶብኛል። ብራብም እኔም ደህና ነኝ ብዬ እንደምጽፍ ማስታወስ ነበረብኝ። ጉንፋኑም ውሸት ነበር። መልሱን ጽፌ ጨርሼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ነበር፤ የምጠብቀው ነገር እንዲኖረኝ።

አፍሬያለሁ። መልሺልኝ አልልም።

ፊንታን


ካሮውሪ፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 1984

ኢሜልዳ፣

አዲሱ ዓመት ምሕረት ይዞላችሁ ይምጣ። ይህን ለመመለስ አትቸገሪ። እናትሽን በልቤም በጸሎቴም እያሰብኳት መሆኔን እንድታውቂ ያህል ነው። ሌኒ «ልጅቷ ጻፈች?» ማለቱን ትቷል። ከበሩ ሲደርስ ቀና ብሎ ሳያየኝ ደወሉን ብቻ ያቃጭላል፤ እኔም ካለሁበት እጄን አነሳለታለሁ። በረዶ የለም፤ ዝናብ ብቻ ነው።

ፊንታን


ኮቨንትሪ፣ ማርች 8 ቀን 1984

ውድ ፊንታን፣

ሰላም ላንተ ይሁን። እናቴ በፌብሩዋሪ መጨረሻ አረፈች። በእንቅልፏ ነው፤ አልተሠቃየችም። የቀበርናት እዚሁ ከአባቴ አጠገብ ነው፤ እሷ ያለችው እንደዚያ ነበር።

መጻፍ የነበረብኝ ቀደም ብዬ ነው። መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር፤ ቁጣው ሲያልቅ ደግሞ አፈርኩ። አንተ ውሸትህን በደብዳቤ ተናገርክ፤ እኔ «ደህና ናት» እያልኩ የጻፍኩት ውሸት ግን እናቴን ካንተ እኩል እንደጎዳት ለመቀበል ክረምቱ ሙሉ ፈጀብኝ።

ዳቦውን ልንገርህ። ከሆስፒታል በወጣች ማግስት ጋገርኩ። ወይዘሮ ኮንካነን ሶዳው በመዳፍ እንደሚሰለቅ አልነገረችኝም ነበር፤ የሷን አሠራር ስከተል አረንጓዴ ነጥብ ወጣበት። በነጋታው ያንተን ወረቀት ምድጃው ላይ አስደግፌ ሠራሁ። ሽታው ሲወጣ እናቴ ከመኝታ ክፍሏ ተጣራች። «ወጥ ቤት ውስጥ ማነው?» አለች። «እኔ ነኝ» ስላት «ሌላም ሰው አለ» አለች። ቅቤ ቀብቼ ሰጠኋት፤ በላች፤ ደገመች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ በላች። ፊቷ ተመለሰ፤ ሥጋም ያዘች። አንድ ቀን መስቀሉን ረስቼ ልከተው ስል «አንቺ አረመኔ!» ብላ ቢላውን ከእጄ ነጠቀችና ራሷ ሳለችው። ክረምቱን ሙሉ አብራኝ ወጥ ቤት ተቀምጣ አወራችኝ፤ ከወለደችኝ ጀምሮ አውርታኝ የማታውቀውን ሁሉ። ቀንዷ ገዳዳ የሆነችውን ላም ታውቃታለህ? አንተንስ ከዛፍ ስትወድቅ ተሸክማህ መግባቷን? ሐኪሙ ከገና አያልፉም ብሎኝ ነበር። እነዚያ ሳምንታት ከእጄ ያመለጡ ነበሩ፤ በዳቦ ተመለሱልኝ።

አሁን ቤቱ ጸጥ ብሏል። ከልማድ የተነሳ አሁንም በየማለዳው እጋግራለሁ። ግን ዳቦው ለእኔ ብቻ ይበዛል፤ በማግስቱ ይደርቃል፤ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሳየው ምግብ መብላት ያስጠላኛል። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ በዚህ ጊዜ እንኳ በአንድ ደብዳቤ። ለአንድ ሰው የሚሆነው እንዴት ነው የሚሠራው?

ያንተው ኢሜልዳ


ካሮውሪ፣ ማርች 15 ቀን 1984

ውድ ኢሜልዳ፣

ነፍሷን በብርሃን ያኑርልን፤ አንቺንም ያጽናሽ። ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ ሌኒ አልሄደም። አንብቤ ስጨርስ ፊቴን አየና ቆቡን አወለቀ፤ ከዚያ ገብቶ ሻይ አፈላልኝ። ገዳዳዋን ላም አውቃታለሁ። ከዛፉ መውደቄንም አውቃለሁ፤ የተሸከመችኝ እሷ መሆኗን ግን ረስቼው ነበር፣ ስላስታወስሽኝ አመሰግናለሁ። አለቀስኩ፤ የምደብቅሽ ነገር የለም።

የጠየቅሽኝን በአንድ ደብዳቤ እመልሳለሁ። ለአንድ ሰው የሚሆን ዳቦ አለ። ሁሉንም በግማሽ ማድረግ ነው፤ ዱቄቱን በግማሽ፣ አሬራውን በግማሽ፣ ሶዳውንም ጨውንም በግማሽ። ቶሎ ስለሚበስል ምድጃው ጋ ቆመሽ ጠብቂው። እናቴን የቀበርን ጊዜ የመንደራችን አዋላጅ ነርስ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ስህተት የለበትም፣ ጥሩ ዳቦ ይወጣዋል ይላሉ።

ይላሉ የምልሽ፣ እኔ አንድ ቀን እንኳ ሠርቼው ስለማላውቅ ነው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ በየማለዳው ሙሉውን እጋግራለሁ። የምችለውን እበላና የቀረውን ለዶሮዎቹ እበትናለሁ። በስላይጎ አውራጃ እንደኔ ዶሮ የወፈረለት ሰው የለም፤ አንዷማ መራመድ አቅቷታል። ሌኒ «አሳንሰዋ፣ አንተ ሞኝ» ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስለት? ግማሽ ዱቄት የለካሁ ቀን፣ በዚህ በር ማንም እንደማይገባ በገዛ እጄ ፈረምኩ ማለት ነው። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ስለዚህ አንቺም አታሳንሺው። ላሚቱን ሌኒ ሊያልብልኝ ተስማምቷል፤ ዶሮዎቹም ጥቂት ቀን ቢጾሙ ይጠቅማቸዋል። ከደብሊን በመርከብ፣ ከዚያ በባቡር ነው አሉኝ። እንግሊዝን አይቼ አላውቅም፤ ከጠፋሁ ጠይቄ እመጣለሁ። የሚመጣው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤትሽ እደርሳለሁ።

ሙሉውን ጋግሪ።

ፊንታን